ይህ ልጅ ቋንቋ አበዛ

ኦቶና ሰፈር አንድ የ15 ዓመት ልጅ አለ፤ ወላጆቹን ያሳፈረ፣ መምህራኑን ያስመረረ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ያሳሰበ። አይሰርቅም፣ አይጠጣም፣ አይደባደብም። ጥፋቱ ከእነዚህ ሁሉ የባሰ ነው፤ ሳይታዘዝ ይማራል።

ኦቶናን ለማታውቁት፣ ወላይታ ሶዶ ውስጥ ሆስፒታሉ ያለበት ሰፈር ነው፤ ዳሞታ ተራራ ከበላዩ ሆኖ ያየዋል። እዚህ የተወለደ ልጅ ገና ሳይድህ ዶክተር ይባላል። ለዚያ የማይሆን ከሆነ ኢንጂነር ይባላል። ሦስተኛ ምርጫ የለንም። ይህ ልጅ ግን ምን መሆን እንደሚፈልግ ሲጠየቅ “የቋንቋ ሶፍትዌር መሥራት” ብሎ መለሰ። እናቱ ይህን የነገረችው ለቅርብ ዘመዶች ብቻ ነው፤ እነሱም በጸሎት እንዲያስቡት።

ከአያቱ ጋር በወላይትኛ፣ ከባጃጅ ሾፌር ጋር በአማርኛ ያወራል፤ እንግሊዝኛውን ከዩቲዩብ ለቅሞታል። ይህ እንኳ በሶዶ ብርቅ አይደለም፤ ገበያ ቲማቲም የምትሸጠው ሴትም ሁለት ሦስት ቋንቋ አላት፣ ማንም ታመመች አላላትም። የልጁ ነገር የከፋው ኮሪያኛ ሲጨምርበት ነው። ማታ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የኮሪያ ድራማ ያያል፤ ቀን ፊደላቸውን ደብተሩ ጀርባ ላይ ይለማመዳል። አባቱ አንድ ምሽት ስልኩን ነጥቆ “ምን እንደምታይ ልይ!” ቢል፣ ልጁ የስልኩን ቋንቋ ወደ ኮሪያኛ ቀይሮት ኖሮ ከሰዓቱ በቀር የሚነበብ ነገር አጣ። ሰዓቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር።

አገራችን ከኮሪያ ጋር የነበራት ግንኙነት እኮ ሥርዓት ያለው ነበር። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም ሄደ፣ ተዋጋ፣ ስሙን አስጠርቶ ተመለሰ። ዝመቱ ተባሉ እንጂ ድራማቸውን ተከታተሉ አልተባሉም።

እንግዲህ ይህን ስል እኛ የኦቶና ወላጆች ቴክኖሎጂ እንጠላለን እንዳይባል። አጥብቀን እንወዳለን። በሥርዓቱ ይሁን ነው ያልነው፤ ሥርዓቱ ደግሞ ታሪክ አለው። በ1997 ዓ.ም ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች “ፕላዝማ” መጣ። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ተጉዞ፣ በጥድፊያ እንግሊዝኛ፣ ከግድግዳ ላይ ይወርድ ነበር። አስተማሪው ከመስታወቱ ወዲያ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ክፍሉ ውስጥ አንድም ሰው አፉን ሳይከፍት “በጣም ጥሩ!” ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከእንዲህ ያለ በተማሪው የሚተማመን መምህር ጋር ዳግም አልተገናኘንም። የሥጋ ለባሹ መምህር ድርሻ ማብራትና ማጥፋት ሆነ። መብራት በጠፋ ዕለት ፊዚክስም አብሮ ይጠፋል።

ከዚያ ወዲህ የኮምፒውተር ክፍል መጣ። ስሙን የማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ኮምፒውተሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰው በተቆለፈ ክፍል ይኖራሉ። ቁልፉ ያለው ከርዕሰ መምህሩ ዘንድ ነው፤ ጨርቁ የሚገለጠው እንግዳ ሲመጣ ነው። ተማሪው የማውስን ሥዕል ከጥቁር ሰሌዳ ገልብጦ፣ ግራና ቀኝ ቁልፍ እንዳለው በፈተና ጽፎ ሙሉ ውጤት ያገኛል። አንድም ኮምፒውተር አልተበላሸም። የእኛ ልጅ “ለምን አንከፍታቸውም?” ብሎ ስለጠየቀ ወላጅ እንዲያመጣ ታዘዘ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ 5 ሚሊዮን ኮደሮችን የማሠልጠን ዕቅድ ይፋ አደረገ። ደስ ብሎን አጨበጨብን። አምስት ሚሊዮኑ ከየት እንደሚገኙ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ከኦቶና እንዳይገኙ ግን እኛ አባቶች የበኩላችንን እየተወጣን ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ስልክ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል።

የሚቆለፈው ታዲያ የአጎቱ ቴሌብር እስኪያስቸግር ነው። አጎት የይለፍ ቁጥሩን ረስቶ ደጋግሞ ሲሞክር ይዘጋበታል፤ ያን ጊዜ ቁም ሳጥኑ ይከፈትና “ና እስቲ የኔ አንበሳ!” ይባላል። የእትዬ ፌስቡክ ተጠልፎ ስሟ ገንዘብ ሲለምን ያደረ እንደሆነ፣ የዲሹ ቻናል በጨዋታ ሰዓት የጠፋ እንደሆነ፣ ከውጭ የተላከ ቅጽ መሞላት ያለበት እንደሆነ፣ የኔ አንበሳ ነው። ሥራው ሲያልቅ “በል አሁን ይህን ስልክ አስቀምጥና አጥና፣ በከንቱ ዕድሜህን ጨረስክ” ይባላል። ልጁ ለዚህ ሁሉ ክፍያ ጠይቆ አያውቅም። ይህም ለወደፊት ሥራ እንደማይሆን የሚያሳይ ሌላ ምልክት ነው።

ክብር ለሚገባው ክብር መስጠት እንደማናውቅ ግን አይወራብን። በ2010 ዓ.ም ሶፊያ የምትባለው ሮቦት ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ የአካሏ ከፊል ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ቀርቶ እንኳ በእልልታ ተቀበልናት። ጠቅላይ ሚኒስትሩን አገኘች። አማርኛ ልትናገር ነው ተብሎ ሚዲያው ሁሉ ዘገበ። ሥጋና ደም ያለው ልጅ አራት ቋንቋ ቢናገር ምን ይደንቃል? ደግሞ ሮቦቷ ልኳን ታውቃለች፤ ወላይትኛ አልሞከረችም።

ወደ ዋናው ሕመም ልምጣ።

የግል ትምህርት ቤቶቻችን አንዳንዶቹ በራቸው ላይ “እዚህ ግቢ እንግሊዝኛ ብቻ” የሚል ማስታወቂያ ሰቅለዋል። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ዘበኛው ለወላጅ በወላይትኛ ያስረዳል። ግቢ ውስጥ ወላይትኛ የተናገረ አምስት ብር ይቀጣል፤ አማርኛ የተናገረም አምስት ብር። እዚህ አገር እንዲህ ያለ የቋንቋ እኩልነት የት ይገኛል? ድሮ የክፍል አለቃ የሚጽፈው የረባሽ ስም ነበር፤ አሁን በአነጋገሩ አያቱን የመሰለውን ሁሉ ይጽፋል። ፍሬውም በዓይን ይታያል፣ በእረፍት ሰዓት ግቢው ጸጥ ብሏል። የሚያውቁትን እንዳይናገሩ ተከልክለው የማያውቁትን መናገር ያቃታቸው ልጆች እጅግ ጨዋ ናቸው። ጎብኚ ሲመጣ በአንድ ድምፅ “ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር” ይላሉ፤ ከሰዓት በኋላም ቢሆን።

ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ስለ ልጅነቱ ሲጽፍ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን በትምህርት ቤት ግቢ ኪኩዩ ሲናገር የተገኘ ተማሪ ይገረፍ እንደነበር፣ ወይም “ደደብ ነኝ” አልያም “አህያ ነኝ” የሚል ጽሑፍ ያለበት ብረት አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበት እንደነበር፣ ገንዘብ የሚቀጣም እንደነበር ተርኳል። አያሳዝኑም? ኬንያውያን ይህን ለማግኘት በእንግሊዝ መገዛት ነበረባቸው። እኛ የዓድዋ ልጆች የማንም እጅ ሳያርፍብን፣ በራሳችን ተነሳሽነት፣ ወርሃዊ ክፍያ እየከፈልን አደረግነው።

የመንግሥት ትምህርት ቤቱስ ቢሆን? በቀድሞው ደቡብ ክልል ልጅ እስከ 4ኛ ክፍል በአፍ መፍቻው ይማርና 5ኛ ሲገባ ሒሳቡም ሳይንሱም ድንገት እንግሊዝኛ ይሆንበት ነበር። የአሥር አስራ አንድ ዓመት ልጅ ክረምቱን በእግር ኳስ አሳልፎ መስከረም ላይ ፎቶሲንተሲስን በእንግሊዝኛ ይረዳል ተብሎ ይታመን ነበር። በዚህ መንገድ ሄደው ሄደው 12ኛ ክፍል ይደርሳሉ። በ2014 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ደረሱ። ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ተምረው በእንግሊዝኛ ይወድቃሉ። ነገሩን ከቋንቋ ጋር የሚያያይዙ ምሁራን አሉ። እኛ ወላጆች ግን መንስኤውን ጠንቅቀን እናውቀዋለን። ስልክ ነው።

ወደ ልጃችን ስንመለስ፣ ሰሞኑን የተደረሰበት ከሁሉ የባሰ ነው። ስልኩ ላይ የወላይትኛ መዝገበ ቃላት እየሠራ ነው። አያቱ ጓሮ ቁጭ ብሎ የእንሰት ዓይነቶችን ስም፣ የእያንዳንዱን የመፋቂያ ዕቃ መጠሪያ፣ የሰላምታውን ዓይነት ይቀዳል፤ ከዚያ በላቲን ፊደል ይጽፋል፣ ጎኑ ላይ በግዕዝ ፊደል ይደግማል። የስልኩ ማረሚያ ደግሞ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በቀይ ያሰምርበታል። በዚህ ጉዳይ ስልኩና ትምህርት ቤቱ አንድ አቋም ይዘዋል።

ለምን በሁለት ፊደል? አያቱ ማንበብ የተማሩት በሐምሌ 1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያኔ ለማስተማሪያነት መጀመሪያ ከተመረጡት አምስት ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር፤ የሚጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። መንግሥት ሲቀየር ፊደሉም ተቀየረ፤ አባቱ በላቲን ተማረ። ስለዚህ ልጃቸው በገዛ ቋንቋቸው የጻፈውን እናቲቱ ማንበብ አይችሉም። ይህን በመካከል ሊጠግን የተነሳው የ15 ዓመቱ ልጅ ነው፤ ማን ኮሚቴ አቋቋመለት? በጀቱስ በማን ጸደቀ?

አባቱ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። በ1992 ዓ.ም የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተቀላቅለው “ወጋጎዳ” በተባለ ስም የመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ፣ የሶዶ ተማሪና መምህር ቋንቋችን አይነካም ብሎ አደባባይ ወጣ። ሰው ሞተ፣ ሰው ታሰረ። መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ በ1993 ዓ.ም ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ተለይቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በዚህ ላይ አልቀልድም። የምቀልደው ከዚያ በኋላ በሆንነው በእኛ ላይ ነው። ያኔ በሰልፉ መካከል የጮኽን ጎረምሶች ዛሬ ወላጆች ነን። ቋንቋችን ከሦስት ዘመዶቹ ጋር ተቀላቀለ ብለን እሳት ጎርሰን የተነሳን ሰዎች፣ እንግሊዝኛ ጠራርጎ ሲያስወጣው ደረሰኝ ተቀብለን ወደ ቤት እንገባለን።

በዘመን መለወጫችን በጊፋታ ሰሞን ግን እንዳታሙን። መስከረም ላይ ልጆቻችንን የባህል ልብሳችንን ዱንጉዛ አልብሰን ፎቶ እናነሳቸዋለን፤ ከሥሩም “ቋንቋችን ማንነታችን” ብለን በአማርኛ እንለጥፋለን። በወላይትኛ ለመለጠፍ ፈልገን ነበር፤ የትኛው አናባቢ እንደሚደገም የሚያውቀው ልጁ ብቻ ነው፣ ስልኩ ደግሞ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።

ባለፈው ሰሞን ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ማኅተሙ ያምራል። አባት ገለበጠው፣ ወደ መብራቱ ጠጋ አደረገው፣ መነጽሬ የለም አለና ለልጁ ሰጠው። ልጁ ለአባቱ በአማርኛ አነበበለት። አያት ከማዕዘኑ “ምን መጣ?” ሲሉ ለእሳቸው ደግሞ በወላይትኛ መለሰው፤ “ክቡር ወላጅ” ከሚለው ጀምሮ ሳይጨምር ሳይቀንስ። ተማሪው በወሩ ውስጥ በተደጋጋሚ በተከለከለ ቋንቋ ሲናገር ስለተገኘ 40 ብር እንዲከፍል፣ ወላጅም ቤት ውስጥ ክትትል እንዲያደርግ ይላል። እናት ሳታስበው “እንዴት አሳምሮ ተረጎመው!” አለች።

አያት የተከለከለው የትኛው ቋንቋ እንደሆነ ጠየቁ።

“ይኸው፣ አሁን የምንነጋገረው” አላቸው።

የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አንድ መቶ ብር አወጡ። ልጁ መልስ እንዳለው ነገራቸው።

“መልሱን ለሚቀጥለው ወር ያዙት በላቸው” አሉት። “የእንሰቱን ገና አልጨረስንም።”