እንዳያርፉ! ከባተሌ ሰሞን በኋላ ላለማገገም የሚረዳ ምክር

እንበልና እርስዎ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮንኮርድ እያደሩ ኦክላንድ የሚነግዱ ሰው ነዎት። ከታንክስጊቪንግ እስከ ጥምቀት ቁጭ ሳይሉ ከርመዋል። አሁን ገበያው በረድ ብሏል፤ ሰውነትዎም ደጋግሞ «ልረፍ» ይልዎታል። ይህ አደገኛ ጊዜ ነው፤ ትንሽ ከተዘናጉ ሊያገግሙ ይችላሉ። ቀጥሎ ያለው ምክር ያ እንዳይደርስብዎ የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ በፊት ባለሁለት ካላንደር መሆንዎን ይጠቀሙበት። ሌላው ነጋዴ ያለው አንድ የበዓል ሰሞን ነው፤ ዲሴምበር 25ን ያከብራል፣ አዲሱን ዓመት ይቀበላል፣ ከዚያ ይተነፍሳል። እርስዎ ግን ጾመ ነቢያትን እየጾሙ የሌላውን ሰው ግብዣ ሲያስተናግዱ ይሰነብታሉ። ያ ሲያበቃ ጃንዋሪ 7 የራስዎ ገና ይደርስና ቤቱን ወገን ይሞላዋል፤ በ12ኛው ቀን ጥምቀት ይከተላል። በሁለቱ መሐል፣ ጃንዋሪ 15፣ ለራሱ የሚሠራ ሰው በየጊዜው የሚከፍለው ግምታዊ ግብር ቀኑ ይሞላል። ሁለት ካላንደር ያለው ሰው ዕረፍቱም እጥፍ ሊሆን ይገባ ነበር የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ማስረጃም አያጣም፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1450 ገደማ በደብረ ምጥማቅ በሰበሰቡት ጉባኤ ቅዳሜም እሑድም ሰንበት ሆነው እንዲከበሩ ተወስኗልና። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው፤ ግብሩም የሚከፈለው በእሱ ነው።) ከዚያ ውሳኔ በፊት የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ለዚያች ቅዳሜ ሲሉ ተወግዘዋል፣ ተሰደዋልም። እነሱ ቅዳሜን ለማረፍ ተሰደዱ፤ እርስዎ ተሰደው ቅዳሜን ይሠራሉ። እንዲህ ይቀጥሉ።

ዋናው ዘዴ ግን ሌላ ነው፦ ለዕረፍትዎ ቀን አይቁረጡለት። «ፋታ ሳገኝ አርፋለሁ» ይበሉ። ፋታ ከሥራ የሚተርፍ ጊዜ ነው፤ የራሱ ንግድ ያለው ሰው ሥራ ደግሞ ትራፊ የለውም። ይህን ከገንዘብ ያውቁታል። ከወር ወጪ የተረፈውን አስቀምጣለሁ ያለ ሰው ብዙም ሲያስቀምጥ አይታይም፤ እርስዎም እቁብ የገቡት ለዚህ ነው። እቁብ ቀን አለው፣ ዳኛ አለው፣ ዋስ አለው፤ «ዛሬ አልተመቸኝም» ቢሉ የሚሰማዎት የለም። ወለድ የሌለው እቁብ ሰውን የሚያስቆጥበው ውሳኔውን ከግለሰቡ ስሜት ወስዶ ለቀንና ለማኅበርተኛ ስለሚሰጥ ነው። የአገር ቤቱ በዓልም ብልሃቱ ይኸው ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 ባለ እግዚአብሔር በሬ አይጠመድም። ገበሬው መድከም አለመድከሙን አይመረምርም፤ ቢጠምድ ጎረቤቱ «በረዶ ልታመጣብን ነው» ብሎ ይቆጣዋል። ስለዚህ ማገገም የማይፈልግ ሰው ሊሸሽ የሚገባው ከቀንና ከጎረቤት ነው። ኮንኮርድ ለዚህ ትመቻለች። በ1869 ስትቆረቆር ስሟ ቶዶስ ሳንቶስ፣ ማለት «ቅዱሳን ሁሉ» ነበር፤ ዛሬ ያ ስም የቀረው በመሐል ከተማው አደባባይ ላይ ነው። በቅዱሳን ሁሉ ስም በተቆረቆረች ከተማ የአንዱንም ቅዱስ ቀን ሳያከብሩ ዓመት ቢያልፉ በረዶ መጣብን የሚል የለም።

«በዓል ማብዛት አይደል አገራችንን ያደኸያት?» የሚለውን መከራከሪያ አጥብቀው ይያዙት። እውነት አለበት፤ ዝናቡ ገብቶ ሳለ የተዘለለ የእርሻ ቀን በኋላ አይካስም። ችግሩ መከራከሪያው የሚያስረዳው የበዓል መብዛት እንደሚጎዳ ብቻ መሆኑ ነው፤ ፈጽሞ አለማረፍ እንደሚያበለጽግ አያስረዳም። በወር አሥራ ምናምን ቀንና በዓመት ዜሮ ቀን መካከል ብዙ ቁጥር አለ፤ እርስዎ ወደዚያ አይመልከቱ። አማርኛም ያግዝዎታል፤ ሳይታረስ የከረመ መሬት «ጦም አደረ» ነው የሚባለው፤ እንደተቀጣ፣ እንደተራበ። ገበሬው መሬቱን ጦም የሚያሳድረው የከርሞውን ሰብል ፈልጎ እንደሆነ ግን ለማንም አይንገሩ።

ቁጥር የሚወድ ዘመድ ካለዎት ይጠንቀቁት፤ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ የስታንፎርዱን ምጣኔ ሀብት ምሁር ጆን ፔንካቨልን ይጠቅስብዎታል። ፔንካቨል በ2014 ባወጣው ጥናት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ጥይት ፋብሪካ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ሠርተው ስንት እንዳመረቱ የሚያሳየውን መዝገብ መረመረ። እስከ 49 ሰዓት ገደማ ምርት ከሰዓቱ ጋር እኩል ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨመረው ሰዓት የሚያስገኘው እየቀነሰ ይመጣል፤ 70 ሰዓት የሠራው ሰው 56 ከሠራው እምብዛም የበለጠ አላመረተም። እሑድ ያልታረፈበት ሳምንትም ምርቱ ተጎድቷል። እርስዎ «ሱቅ የጥይት ፋብሪካ አይደለም፤ በሩ ክፍት ከሆነ ሽያጭ አለ» ብለው ይመልሱ። ልክ ነዎት፤ ካሽ ሬጅስተሩ አይደክመውም። የሚደክመው ሒሳቡን የሚመዘግበው፣ ዕቃ የሚያዘው፣ ከደንበኛ ጋር የሚነጋገረውና ሌሊት በካልዴኮት ዋሻ በኩል ወደ ቤት የሚነዳው ሰው ነው። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚሆን በጥናት ታይቷል። ካሊፎርኒያ በክፍያ ሰው ለሚያመላልስ ሾፌር የፈቀደችው ከ0.04 በታች ነው። ስለዚህ ከሱቁ ጎን ለጎን ኡበር ወይም ሊፍት የሚሠሩ ከሆነ አንድም ጠብታ ሳይቀምሱ ከሥራው ወሰን ማለፍ ይችላሉ። አንደኛው አፕ 12 ሰዓት ሞልቶብዎታል ብሎ ቢዘጋ ሌላውን መክፈት ነው፤ ድካምዎ በየአፑ ተለያይቶ የሚቆጠር ይመስል።

እዚህ ላይ ፌዙን ለጥቂት መስመር ላቁመው፤ ከኮንኮርድ በስተሰሜን፣ ውኃው ዳር፣ ሊፌዝበት የማይገባ ቦታ አለና። በፖርት ቺካጎ የባሕር ኃይል ወደብ ጥቁር ባሕረኞች መርከብ ላይ ጥይትና ቦምብ ይጭኑ ነበር፤ መኮንኖቹም በየቡድኑ ፍጥነት ይወራረዱ ነበር። ጁላይ 17 ቀን 1944 ጭነቱ ፈነዳና 320 ሰው ሞተ፤ 202ቱ ጥቁሮች ነበሩ። ከአደጋ ለተረፈ ሰው የሚሰጠው የ30 ቀን ፈቃድ ለነጭ መኮንኖች ሲሰጥ ለጥቁሮቹ ተከለከለ። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ እንደገና ጥይት ጫኑ ሲባሉ 258ቱ እምቢ አሉ፤ 50ዎቹ በአድማ ወንጀል ተፈረደባቸው። ባሕር ኃይሉ ስማቸውን ያጠራው በ80ኛው ዓመት፣ ጁላይ 17 ቀን 2024 ነው። ያንን 30 ቀን የከለከላቸው አለቃ ነበር፤ የእርስዎ ከልካይ ማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ምርመራ አያስፈልግም። በካሊፎርኒያ ሕግ ከ2024 ጀምሮ ለቀጠሩት ሠራተኛ ቢያንስ 40 ሰዓት ወይም 5 ቀን ከነደመወዙ የሕመም ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ለራሱ የሚሠራውን ሰው ግን ሕጉ አያውቀውም። አሠሪም ሠራተኛም በአንድ ሸሚዝ ውስጥ ሲሆኑ ሠራተኛው አቤት የሚልበት ቢሮ የለም።

ዘመድ ከጨቀጨቀዎትና ማረፍ ግድ ከሆነብዎ አንድ አስተማማኝ መላ አለ፦ አዲስ አበባ ይሂዱ። ሻንጣ ለመሙላት አንድ ወር ዕቃ ይሸምታሉ፤ 23 ኪሎውን ላለማለፍ ሌሊቱን በሚዛን ሲጨቃጨቁ ያድራሉ። ደርሰው ያመለጠዎትን ለቅሶ ሁሉ እየዞሩ ይደርሳሉ፣ ሠርግ ይጠራሉ፣ የቤተሰብ መሬት ጉዳይ ይዘው ክፍለ ከተማ ይመላለሳሉ፤ በካሊፎርኒያ ቀን ሲሆን ደግሞ ሌሊት ተነሥተው ሱቁን በዋትሳፕ ያስተዳድራሉ። ሲመለሱ ሰው ሁሉ «አረፍክ አይደል?» ይልዎታል። አዎ ይበሉ።

ቃሉ ራሱ እንዳያሳስትዎ ግን ልብ ይበሉ፤ በአማርኛ «አረፈ» ሁለት ትርጉም አለው፤ በመጀመሪያው ያልተጠቀመ ሰው ሁለተኛው ቀርቶበት አያውቅም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በ2021 ባወጡት ግምት፣ በ2016 ብቻ 745 ሺህ ሰዎች ከረጅም የሥራ ሰዓት ጋር በተያያዘ የስትሮክና የልብ ሕመም ሞተዋል። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ አደጋው 35 በመቶ ይበልጣል። «እኔ ሥራዬን እወዳለሁ፤ የሚደክመው የማይወድ ነው» ማለት ይችላሉ። የደም ሥር የሚወዱትን ሰዓት ከማይወዱት ለይቶ ቢቆጥር ኖሮ መልሱ በቂ ነበር።

የቀረችው አንዲት ወጥመድ ጳጉሜ ናት፤ ከሌበር ዴይ ጋር በአንድ ሳምንት ገደማ ትገናኛለች። 12ቱ ወራት እኩል 30፣ 30 ቀን ከወሰዱ በኋላ የተረፈች ትራፊ ነች፤ አባቶቻችን ግን ለዚያች ትራፊ ስም አውጥተው፣ ቀኗን ቆጥረው፣ ከአሮጌውና ከአዲሱ ዓመት መካከል አኖሯት። ከዓመቱ ሁሉ ለይቶ ለራስ መያዝ ቢፈለግ ከእሷ የቀለለች የለችም፤ ቀኗን መቁረጥም አያስፈልግም፣ ተቆርጦ ነው የመጣው። ስለዚህ ሳትታይ ትለፍ፦ አንደኛዋን ቀን ለእንቁጣጣሽ ዕቃ ማዘዣ፣ ሁለተኛዋን ለሴፕቴምበር 15 ግብር፣ ቀሪዎቹን ለዶሮና ለቅቤ። በየአራት ዓመቱ ስድስት ትሆናለች፤ ስድስተኛዋ ለዕቃ ቆጠራ ትመቻለች።