ሦስት ጀግና በአንድ በር

መጀመሪያ የሞትኩት ቢሾፍቱ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር፣ ያዘዝኩት ማኪያቶ ሳይደርስ። የገደሉኝ ቁመታቸው ከወገቤ የማያልፍ አራት ጎብሊኖች ናቸው፤ ጎብሊን ማለት የጭራቅ ታናሽ ወንድም እንደማለት ነው። ከእኔ ጋር ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ወደቁ። አንደኛው ከአየር ኃይል በቴክኒሻንነት ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ባሻ ናቸው። ሁለተኛው ዕድሜያቸውን በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ማሳ ላይ ያሳለፉ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ኦቦ» ብቻ ብሎ የሚጠራቸው ሰው ናቸው። ሦስታችንም ሰይፍ ይዘን ነበር። የሞትንበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ሦስታችንም ሰይፍ ይዘን ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። የእህቴ ልጅ ለእረፍት ከአሜሪካ መጣ። ከሻንጣው ሽቶ፣ ጫማ፣ ቢጠፋ ቢጠፋ አንድ ስልክ ይወጣል ብለን ስንጠብቅ አንድ ወፍራም መጽሐፍና አንድ ከረጢት ዳይስ አወጣ። ዳይሶቹም ከሉዶ የምናውቃቸው ዓይነት አይደሉም፤ ባለ አራት ጎን አለ፣ ባለ ስምንት አለ፣ ባለ አሥራ ሁለት አለ፣ የሁሉም አለቃ ደግሞ ባለ ሃያው ነው። ባለቤቴ ባለ ሃያውን አገላብጣ አይታ «ይኼ ለወጥ ነው ለሻይ?» አለች።

ጨዋታው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጠረጴዛ ከብቦ የሚጫወቱት ተረት ነው፤ ልዩነቱ አያት ብቻዋን አታወራውም፣ ሰሚውም ተረቱ ውስጥ ይገባል። አንዱ አጫዋች ሆኖ «ወንዝ ዳር ደርሳችኋል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቹ ያሰበውን ይናገራል። ይሳካለት አይሳካለት ባለ ሃያው ዳይስ ይፈርዳል። ከዚያ በፊት ግን ሁሉም ሙያውን ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ 12 ሙያ ይዘረዝራል፤ ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ ካህን፣ ሌባ፣ አዝማሪ፣ መነኩሴ እያለ ይቀጥላል።

«መነኩሴው ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁ ባሻ።

«በቡጢ ይማታል» አለ ልጁ። ባሻ አማተቡ።

«አንተስ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» አላቸው ቀጥሎ። እኔና ባለቤቴ ተሸማቀቅን። ባሻ ግን «ተዉት፣ በእንግሊዝ አገር ቋንቋ ‹እርስዎ› የሚባል ነገር የለም» ብለው ይቅር አሉትና «ተዋጊ» ብለው መለሱ። እኔም ተዋጊ አልኩ። እንግዲህ ባደግንበት አገር ወንድ ልጅ ምን ትሆናለህ ሲባል «ከኋላ ሆኜ ቁስል አስራለሁ» ብሎ አያውቅም። ኦቦ ትንሽ አሰቡና «ተዋጊ ካልተሟላ እኔም አለሁ» አሉ። ልጁ ሌላ 11 ሙያ አለ እኮ ቢል ማን ይስማው! ባለቤቴ አልተጫወተችም፤ ቆሎዋን ይዛ ትታዘበናለች።

«ዋሻ ደጃፍ ላይ ናችሁ» አለ ልጁ። «በሩ የሚያስገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። ማን ይቀድማል?»

«ባሻ፣ ይግቡ እንጂ» አልኩ።

«ኧረ በፍጹም! ኦቦ እያሉ?»

«እኔ የቤት ሰው ነኝ፤ እናንተ ቅደሙ።»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት፣ አይሆንም!»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዳይስ ይወረውራል። ለካ እኛ በር ላይ ስንግደረደር ጎብሊኖቹ ድምፃችንን ሰምተው ከኋላ ዞረዋል። «በሞቴ» ማለት በቁም ነገር የሚወሰድበት አገር እንዳለ ያን ቀን ተማርኩ። ባሻ በጦር ተወጉ። ማን ያክማቸው? እርስ በርስ ተያየን፤ ሁላችንም የያዝነው ብረት ነው። ኦቦ ሮጠው ወደ ዋሻው ሲገቡ በሩ ላይ ወጥመድ ነበር። ወጥመድ የሚያይ ዓይን ያለው ሌባው ነው፤ ሌባ የለንም። ብቻዬን ቀረሁና ጥቂት ፎከርኩ። ማኪያቶው ሲደርስ ሬሳ ነበርኩ፤ ሬሳም ብሆን ጠጣሁት።

ከሞት በኋላ ሰው ፈላስፋ ይሆናል። ባሻ «ለመሆኑ ይህን ጨዋታ ማነው የፈጠረው?» አሉ።

«ጋሪ» አለ ልጁ።

«ጋሪማ የእኛ ነው!» አሉ ባሻ ወደ አስፋልቱ እየጠቆሙ። እውነትም አንድ ጋሪ እየተንቋቋ ያልፍ ነበር።

ጋሪ ጋይጋክስ የሰው ስም ነው። ዊስኮንሲን በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ሌክ ጄኔቫ የምትባል፣ እንደ ቢሾፍቱ በሐይቅ የምትታወቅ ትንሽ ከተማ አለች። ሰውዬው እዚያ ጫማ እየጠገነ ይኖር ነበር። በጎረቤቱ ግዛት በሚኒሶታ ደግሞ ዴቭ አርንሰን የሚባል ሐሳብ የሚፈልቅለት ወጣት ነበር። አርንሰን ያልማል፣ ጋይጋክስ ሕልሙን ደንብ አድርጎ ይጽፋል። ሁለቱ ተገጣጠሙና ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 መጀመሪያ በ1,000 ቅጂ ታትሞ ወጣ። በእኛ 1966 መሆኑ ነው። በዚያ ዓመት እኛ አገር ዳይስ መወርወር የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም፤ ታሪክ ራሱ ይወረውርልን ነበር።

መጀመሪያ የነበሩት ሙያዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። ሌባው የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ኦቦ ይህን ሲሰሙ አልገረማቸውም። «የማንኛውም ከተማ ታሪክ እኮ ነው» አሉ። «መጀመሪያ ወታደሩ፣ ደብተራውና ቄሱ ይሰፍራሉ፤ ገበያው ሲሞቅ ሌባው ይደርሳል።»

«ሁለቱ ፈጣሪዎችስ እስከ መጨረሻው ተፋቅረው ኖሩ?» አለች ባለቤቴ።

አልኖሩም። በ1979 አርንሰን በሽያጭ ድርሻ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1981 ተስማሙ። ባለቤቴ ቆሎዋን እየፈለፈለች «ዘንዶ ያልለያያቸውን ሒሳብ ለያያቸው» አለች። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ልጁ መጽሐፉን ገልጦ ያስተምረን ጀመር። የጨዋታው ምሥጢር ብርቱ ሰው መሆን አይደለም፤ ጉድለትህን የሚሞላ ሰው አጠገብህ ማቆም ነው። አስማተኛው እሳት ያዘንባል፤ በጥፊ ግን ይወድቃል። ቁጡ የሚባለው ጦረኛ ደግሞ በተቆጣ ጊዜ ከዱላው የሚሰማው ግማሹ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ምንም አስማት አይሆንለትም። እንግዲህ አንዱ ዱላውን ይቀበላል፣ ሌላው ከጀርባው ሆኖ እሳቱን ይለቃል። አዝማሪው በራሱ ክንድ ብዙም አይደለም፤ ለጓደኛው ግን ሲያቅራራ ባለ ስድስት ጎን ዳይስ ይሰጠዋል፤ ጓደኛው ሲመታ ያንን ይደምርበታል። ቀረርቶ በቁጥር ሲሰላ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አያቶቻችን ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁት ነበር።

እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ስሰማ ነው ያደግሁት። ለካ ግማሹን ብቻ ነው የነገሩን። ድር ከድር ጋር ቢያብር ገመድ ይሆናል፤ አንበሳም ያስር ይሆናል። ጋቢ ግን አይሆንም። ጋቢ ማግ ይፈልጋል፤ ማግ ደግሞ ከድሩ ጎን አይተኛም፣ እያቋረጠው ነው የሚያልፈው። ሸማኔ የሚያውቀውን እኛ ሦስት ጀግኖች ሳናውቅ ሞትን።

«ይኼማ የእኔ ሙያ ነው» ብለው ተነቃቁ ኦቦ። «ማኛ ጤፍ ነጭ ነው፤ እንጀራው ያምራል፣ ገበያ ላይ ይከበራል። ማሳ ላይ ግን ምርቱ ያንሳል። ዱከም የምንለው ዝርያ ደግሞ ምርቱ ደህና ነው፤ ነጭነቱ እንደ ማኛ ስላልሆነ ገበሬው ብዙም አልጓጓለትም። ሁለቱ ተዳቀሉ። ልጃቸው ቁንጮ ተባለ፤ እዚሁ ከእኛ ማዕከል ወጥቶ በፈረንጆች 2006 ለገበሬው ተሰጠ። ማኛን ከማኛ ብናጋባ ኖሮ የሚወለደው ነጭ ድህነት ነበር።»

«ጤፍ ደግሞ እንዴት ይጋባል? ሺህ ፍሬው አንድ ግራም አይሞላ!» አልኩ።

«ችግሩ እሱ ነበር» አሉ። ጤፍ በራሱ ብናኝ የሚራባ፣ ባዳ የማያስገባ እህል ነው። ለረጅም ጊዜ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ታረቀ በርሄ የተባሉ ተመራማሪ ግን ያቺ ደቃቅ አበባ ማለዳ አንድ ሰዓት አካባቢ ለአጭር ጊዜ እንደምትከፈት ደርሰውበት በፈረንጆች 1975 አሳተሙት። ከዚያ ወዲህ ባለሙያው በዋዜማው የእናቲቱን ወንዴ ክፍል ነቅሎ ያድራል፤ ማለዳ ተነስቶ የሌላውን ብናኝ ያደርሳል።

«1975?» አለ ልጁ። «ሌባው ጨዋታው ውስጥ የገባበት ዓመት!»

«እንዴታ» አሉ ኦቦ። «በማለዳ፣ በሩ ሲከፈት ጠብቆ፣ ሳይነቃ መግባት። ስንት ዓመት ስሰርቅ ኖሬያለሁ።»

ባሻም ዝም አላሉም። ሐረር ሜዳ፣ አየር ኃይሉ ሰፈር እያሉ፣ አብራሪው ሲነሳ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያይ ነበር፤ ጎማውን ማን እንደነፋው የጠየቀ ግን የለም። «ሰማይ ላይ እሱ ጀግና ነው፤ መሬት ላይ እኔን ሳያይ አይሳፈርም» አሉ። ያ ጋሪ ተመልሶ አለፈ። ፈረሱ ጉልበት አለው፣ ግራ ቀኙን እንዳያይ ግን ዓይኑ ተከልሏል። ባለ ጋሪው አስፋልቱን ሁሉ ያያል፤ ሁለት ኩንታል ግን አይጎትትም። የከተማው ሕዝብ ሲጫወት የኖረውን ጨዋታ እኛ ከአሜሪካ አስመጣነው።

በሁለተኛው ዙር ሙያ ቀየርን። ባሻ አዝማሪ ሆኑ። ኦቦ ድሩይድ የሚባለውን ወሰዱ፤ ዕፀዋትን የሚያዝ፣ ቁስልም የሚያድን ነው። እኔ ሰይፌን አልለቅም አልኩ። ባለቤቴ ቆሎዋን አስቀምጣ «ሌባው ምን ያደርጋል?» አለች።

«ጠላት አጠገብ ጓደኛ ካለሽ፣ ማለትም በ5 ጫማ ርቀት፣ ከኋላ ስትመቺ ተጨማሪ ዳይስ ትወረውሪያለሽ። ጓደኛሽ ባይመታ እንኳ ችግር የለም፤ መኖሩ ይበቃል።»

«ገበያ እንደምናደርገው ማለት ነው» አለች። እኔ ቀና አልኩ። «እሱ ከፊት ሆኖ ስለ ቲማቲም ዋጋ ይጨቃጨቃል፤ ባለ ቲማቲሟ እሱን ስትመልስ እኔ ከጎን ደህና ደህናውን መርጬ እጨርሳለሁ። ዋጋ አስቀንሶ አያውቅም። ግን መኖሩ ይበቃል።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተከራካሪ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ልጁ ዘንዶውን ሆራ ሐይቅ ውስጥ ሊያስቀምጥ ሲል ኦቦ እጃቸውን አነሱ። «ሆራ አርሰዲን ተው። ሕዝብ እርጥብ ሣር ይዞ ኢሬቻ የሚያከብርበት፣ የሚያመሰግንበት ውሃ ነው።» ልጁ ይቅርታ ጠይቆ ዘንዶውን ጨለለቃ ወሰደው። ጨለለቃ ደግሞ ጥልቀት የለውም፤ ዘንዶው ውሃው ጉልበቱን እንኳ ሳይሸፍንለት በወፎች መሐል ተገትሮ ጠበቀን።

ኦቦ ሣሩን አዘዙት፤ ሣሩ የዘንዶውን እግር ተብትቦ ያዘ። እኔ ፊት ለፊት ቆምኩ። ባሻ ከወንበራቸው ተነስተው የእውነት አቅራሩ፤ ካፌው ሁሉ ዞረ፣ አንዲት ሕፃን አለቀሰች። ባለ ሃያውን ወረወርኩ፤ 3 ወጣ። የባሻን ዳይስ ብደምርበትም ሰይፌ ጨለለቃን እንጂ ዘንዶውን አልነካም። ዘንዶው ግን ወደ እኔ ዞረ። ባለቤቴ ከኋላው ነበረች። ሳታሽ፣ ሳትስም ወረወረች፤ 19! ዳይሶቹን በእፍኝ ስትደምር ልጁ መጽሐፉን ዘጋ። ዘንዶው ሞተ። እኔ አንድ ጊዜ አልመታሁም፤ ያለ እኔ ግን አይሞትም ነበር ብዬ ሦስት ጊዜ አስረዳሁ።

መሸት ሲል ሒሳብ መጣ። ወዲያው ሦስታችንም ተዋጊ ሆንን። «እኔ ነኝ የምከፍለው!» «ኧረ በሞቴ!» «እኔ ልሙት!» ባሻ የአስተናጋጁን እጅ ያዙ፣ እኔ የባሻን ያዝኩ፣ ኦቦ የእኔን። አዝማሪነቱም ሣር ማዘዙም ተረሳ፤ ሦስት ጀግና እንደገና በአንድ በር። አስተናጋጁ እጁ ሲለቀቅለት ሸሚዙን አስተካክሎ «ተከፍሏል እኮ» አለ።

«ማን ከፈለ?»

በአገጩ ጠቆመን። ባለቤቴ ነጠላዋን እያጣፋች በሩ ጋ ቆማለች። የኋላ ኪሴን ዳበስኩ። ቦርሳዬ የለም።