ከዕረፍት የማረፍ ጥበብ

ከሥራ ማረፍን ሰው ጥንትም ያውቅበት ነበር፤ ከዕረፍት ማረፍን የተማረው ግን በእኛ ዘመን ነው። በካሪቢያን ባሕር ላይ አንድ ሳምንት ሲንሸራሸር የከረመ መንገደኛ ማያሚ ወደብ ላይ ከመርከቡ ይወርድና "አሁንስ ደከመኝ፤ እስቲ ትንሽ ልረፍ" ይላል። ከዚያም ሻንጣውን እየጎተተ አውሮፕላን ይሳፈርና ጃማይካ ሞንቴጎ ቤይ ወይም ሜክሲኮ ካንኩን ይገባል፤ መርከቡ ሲያሳየው የሰነበተውን ያንኑ ባሕር አሸዋ ላይ ተጋድሞ ለማየት ሌላ ሳምንት ይከፍላል። በዚህ ሰው የሚስቅ ካለ ድካሙን አልቀመሰውም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ሥራ የጀመረችው መርከብ፣ "አይከን ኦፍ ዘ ሲስ" 20 ፎቅ፣ 7 የመዋኛ ገንዳና 6 የውኃ መንሸራተቻ አላት፤ እስከ አፍ ገደፏ ስትሞላ 7,600 ያህል መንገደኛ ትይዛለች። ገንዳውን ሁሉ አዳርሶ፣ ከሊፍቱ ሰልፍ ተርፎ፣ የተከፈለበት ቡፌ ሳይበላ እንዳይቀር ከቁርስ እስከ እኩለ ሌሊት ዘብ ቆሞ የሰነበተ ሰው ሐኪም ባያዝለትም መጋደም ይገባዋል። ክፍሉን ሲያጸዳለት የነበረው ፊሊፒናዊ ወይም ኢንዶኔዥያዊ በበኩሉ ስድስትና ከዚያም በላይ ወራት ያለ አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ይሠራል። ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ከሚቀበላቸው መለኪያዎች አንዱ ለእንዲህ ያለው ሰው በሳምንት 77 ሰዓት ዕረፍት ይበቃዋል ይላል፤ የቀረው 91 ሰዓት የመንገደኛው ነው። የሁለቱን ድካም በአንድ ትንፋሽ ማንሣት ግን ነውር ነው፤ አንደኛው ለድካሙ ገንዘብ ከፍሏል።

ታዲያ ከመርከብ ወደ ሪዞርት ሲዛወር ምን ይለወጥለታል? መርከቡ ላይ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ካርድ ነበረው፤ እዚህ እጁ ላይ የፕላስቲክ አንባር ይታሰርለታል። እዚያም እዚህም ሒሳቡ አስቀድሞ ተዘግቷል፤ እዚያም እዚህም በማለዳ ተነሥቶ ፎጣ በመዘርጋት ወንበር ይይዛል። ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ቤልጅየማዊው ዤራር ብሊትዝ በ1950 በስፔኗ ማዮርካ ደሴት ድንኳን ተክሎ ክለብ ሜድን ከጀመረ ወዲህ፣ አንዴ ተከፍሎ ኪስ የማይዳበስበት የዕረፍት ሰፈር ዓለምን አዳርሷል። መርከቡና ሪዞርቱ የሚለያዩት አንደኛው በመንቀሳቀሱ ብቻ ነው። ጣጣውም እሱ ነበር፤ የሚንቀሳቀስ ነገር በሁለት ቀን አንዴ አገር ላይ ያደርሳል።

አገር ላይ መድረስ ደግሞ የዚህ ጉዞ ምኞት ሳይሆን የሕግ ግዴታ ነው። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ ሰንደቅ የምታውለበልብ መርከብ መንገደኛን ከአንዱ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው እንዳታጓጉዝ ይከለክላል፤ ከማያሚ ተነሥታ ማያሚ የምትመለሰውም በመሃል የባዕድ ወደብ ሳትረግጥ አይሆንላትም። የመርከብ ኩባንያዎቹ ግብሩንም የሠራተኛ ሕጉንም ሽሽት የባሃማስንና የፓናማን ሰንደቅ መርጠዋልና፣ ባዕድ አገር የሚባል ነገር የግድ መጣባቸው። መላው ግን አልጠፋም፦ ባዕዱን አገር አጥሮ መያዝ። ከኩባንያዎቹ አንዱ የሆነው ሮያል ካሪቢያን በባሃማስ ኮኮኬይ ለተባለች ትንሽ ደሴት 250 ሚሊዮን ዶላር ያህል አፍስሶ በ2019 አስመረቃት፤ ዙሪያዋን ባሕር የከበባት ደሴት ጨው በሌለው ውኃ የተሞላ ሰፊ ገንዳ ተቆፈረላት፤ ባሕሩ ለካ አልበቃም ኖሯል። በሰሜን ሄይቲ ያለችውን ላባዲንም ከ1986 ጀምሮ ተከራይቶ፣ በአጥርና በዘበኛ ከቀረው ሄይቲ ለይቷታል። ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 ርዕደ መሬት ፖርት ኦ ፕራንስን አፈራርሶ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው በፈጀ በሦስተኛው ቀን መርከብ መጥታ ላባዲ ላይ ቆመች። ለፍትሕ ያህል፣ የዕርዳታ ዕቃ ጭና ነበር፤ ኩባንያውም ከጉብኝቱ የሚገኘውን ገቢ እለግሳለሁ ብሏል። አንዳንድ መንገደኞች ግን "በዚህ ሰዓት ወርደን ሥጋ መጥበስ አይሆንልንም" ብለው መርከቡ ላይ ቀሩ። በሙያው ገና ያልበሰሉ መሆን አለባቸው።

ሪዞርቱ ይህንን አገር አጥሮ የመያዝ ጥበብ ከፍጻሜ አድርሶታል። ጃማይካ ነጻ ከመውጣቷ ስድስት ዓመት ቀድሞ፣ በ1956 የወጣው የባሕር ዳርቻ ሕግ ዳርቻውን ለዘውዱ ሲሰጥ ለሕዝቡ አጠቃላይ የመግባት መብት አልሰጠም፤ ዛሬም ድረስ ጃማይካውያን በፍርድ ቤት ይሟገቱበታል። ስለዚህ ለብዙ ያገሬው ልጅ ወደ ገዛ ባሕሩ የሚያደርሰው አስተማማኝ መንገድ ትሪ መያዝ ነው። ሜክሲኮ ይሻላል፤ ዳርቻው የሕዝብ ነው፣ በ2020 ደግሞ መግቢያ የሚከለክል እንዲቀጣ ተደንግጓል። አሸዋው የሁሉም ሆነ፤ ወደ አሸዋው የሚወስደው መንገድ ግን ብዙ ቦታ በሆቴሉ ግቢ ያልፋል።

"ቱሪስት ባይመጣ ደሴቶቹ ምን ይበላሉ?" የሚል አይጠፋም። ሆቴሎቹ ለብዙ ሺህ ሰው እንጀራ ሆነዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን እራቱን ገና ቶሮንቶ ሳለ የከፈለ ሰው ከበሩ ውጭ ዓሣ ለምትጠብሰው ሴት ምኗ ነው? አንድ እራት ሁለት ጊዜ አይበላ። "ደክሞት እኮ ነው" የሚለው መከራከሪያ ይበልጥ ያሳዝነኛል፤ እውነት አለው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለሠራተኛ አንድ ቀን እንኳ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አላስገደደም፤ እንዲህ ካለ አገር የመጣ ሰው አሸዋ ላይ ቢያንኮራፋ ማን ይቆጣዋል? ያንኮራፋ! ጭንቁ የሚጀምረው ቤቱ ገብቶ "ባሃማስን አየናት፣ ጃማይካንም አየናት፤ ሰዉ እንዴት ፈገግተኛ መሰላችሁ" ሲል ነው። ፈገግታው የሥራ ግዴታ መሆኑን አንባሩ ላይ አልጻፉለትም።

ይህ ሁሉ አጥር የማያቆመው አንድ ደፋር ግን አለ፤ ሳርጋሰም የሚባለው ቡናማ የባሕር አረም። ከ2011 ወዲህ በየዓመቱ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ እየተንሳፈፈ ይመጣና ዳርቻው ላይ ተቆልሎ ይበሰብሳል፤ ሽታው የገማ እንቁላል ነው። ሠራተኞቹ እንግዳው ሳይነቃ በማለዳ እየዛቁ ያነሡታል፤ በሜክሲኮ በኩል ከ2019 ጀምሮ ባሕር ኃይሉ በመርከቦች እየዞረ ይለቅመዋል፤ አገር ከጠላት ሊጠብቅ የተቋቋመ ጦር ፎጣ ይጠብቃል። አረሙ ግን ያለ አንባር መግባቱን አልተወም፤ እንግዳውም አፍንጫውን ይዞ እንግዳ መቀበያው ጋ ይሄድና አቤት ይላል፦ "እኔ የከፈልኩት ለባሕሩ ነው እንጂ ከባሕሩ ለሚወጣው አይደለም።"