ብቻውን አይደብረውም?

ሳሎኑ ውስጥ የዓሣ ገንዳ ያቆመ ሐበሻ ከእንግዳ የሚቀርብለትን ጥያቄ አስቀድሞ ያውቀዋል። የመጀመሪያው «ይበላል?» ነው። ቀጥሎ «ስንት ፈጀብህ?» ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ሚስቴ ወጥ ማማሰሏን ስለምታቆም መልሴን አሳጥራለሁ። ሦስተኛው ከሁሉ የዋህ ይመስላል። እንግዳው አንድ ዓሣ ለብቻው ሲንሳፈፍ ያይና ከንፈሩን መጦ «ብቻውን አይደብረውም?» ይላል። የስንቱ ሰው ገንዳ የጦር ሜዳ የሆነው በዚህ ጥያቄ ነው።

እኛ ብቻውን የሚበላ አንወድም። ብቻውን የሚኖር ያሳዝነናል፤ ብቻውን ቡና የጠጣ ሰው ደግሞ ጤንነቱን እንጠረጥራለን። የኮራል አለት ላይ የሚኖር ብዙው የባሕር ዓሣ ግን ይህ አመል አልፈጠረበትም። መልኩን የሚመስል፣ ምግቡን የሚበላ ሌላ ዓሣ ሲመጣበት «ወገን መጣልኝ» አይልም፤ «እንጀራዬን ሊነጥቀኝ መጣ» ነው የሚለው። ይህን ለአንድ የታክሲ ባልደረባዬ ብነግረው «ታዲያ እሱማ ሐበሻ ነው! ከአንድ ምግብ ቤት ጎን ሌላ ምግብ ቤት ሲከፈት አላየህም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቤቴ ዊትኒ ነው። ዊትኒ ከቬጋስ መብራት በስተ ምሥራቅ፣ ቦልደር ሀይዌይን ይዛ የተኛች፣ አንድ ዘመን ኢስት ላስ ቬጋስ ትባል የነበረች ሰፈር ናት። ሌሊት ካዚኖ የሠራ ቀን ይተኛባታል፤ ታክሲ ሲነዳ የዋለ ወገቡን ያሳርፍባታል። በምሥራቅ በኩል የከተማው ፍሳሽ ተጣርቶ ወደ ሚድ ሐይቅ ሲወርድ የሚታይበት ረግረግ ፓርክ አለ። ከዚያ የተረፈው በረሃ ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ የምትጠግበው ዝናብ ለእኛ የዓመት ቀለባችን ነው፤ አሥር ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የውሃ ባለ ሥልጣኑም ከግቢው ሣር ለሚነቅል ሰው በካሬ ጫማ እየለካ ገንዘብ ይከፍላል። ጎረቤቴ ሣሩን ነቅሎ ሲከፈለው፣ እኔ 120 ጋሎን ባሕር ሳሎኔ ውስጥ አቁሜ እከፍላለሁ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የከተማዋ ሙቀት 48.9 ዲግሪ ገብቶ ክብረ ወሰን ሲሰበር የእኔ ዓሦች በ26 ዲግሪ ይንፈላሰሱ ነበር። እኛ ሰዎቹ የተረፍነው እነሱን ተጠግተን ነው።

በረሃ ላይ ባሕር ማቆም የዚህ ከተማ የቆየ አመል ስለሆነ ብቻዬን አትፍረዱብኝ። ማንዳሌይ ቤይ ሻርክ ይቀልባል። ሲልቨርተን ካዚኖ 117,000 ጋሎን ገንዳው ውስጥ የዓሣ ጅራት ያጠለቁ ሴቶች ያስዋኛል። ከእ.ኤ.አ. 2011 እስከ 2018 በቴሌቪዥን ይታይ የነበረው «ታንክድ» ስለ ላስ ቬጋስ ገንዳ ሠሪዎች ነው። እኔን የለከፈኝ ግን ሚራዥ ነው። ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ግድግዳውን የሞላ 20,000 ጋሎን ገንዳ ነበረው። ተሳፋሪዬን «ሻንጣ ላግዝ» እያልኩ ተከትዬ እገባና ሻንጣውን እንደያዝኩ ዓሣ ላይ ፈዝዤ እቀር ነበር። ሆቴሉ እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘጋ፤ ልክፍቱ እኔ ላይ ቀረ።

የገንዳው ጨው በባልዲ ይመጣል። ባልዲው ላይ በትልቁ «ሬድ ሲ» ተጽፏል፤ የአምራቹ ስም ነው። ባልደረባዬ ይህን ባልዲ ሲያይ ኮፍያውን ያወልቃል። «አገር በ1985 ዓ.ም. ያጣችውን አንተ በፖስታ አስመጣኸው!» ይላል። አማቴ ደግሞ ጨው በዶላር መግዛቴን እስካሁን ለባሕር ዳር ዘመዶቻቸው አልነገሩም፤ እንዳላሳፍራቸው ነው። ገንዳው በየቀኑ ሲጎድል የምጨምረው የተጣራ ውሃ ብቻ መሆኑን ሲያዩ ትንሽ ተጽናንተዋል። የሚተነው ውሃው ነው፤ ጨዉ የትም አይሄድ። አሳሌ ላይ አፋሮች ጨው የሚቆርጡት በዚሁ ሕግ ነው።

ታዲያ ባለፈው ብርድ ገንዳው ውስጥ በሽታ ገባ። ዓሦቹ ነጭ ነጠብጣብ አወጡ። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው አዩና «ልጄ፣ ጨው በዝቶባቸዋል፤ ይኸው ላያቸው ላይ ወጥቷል» አሉ። ጨው በሆነና በተገላገልን! ክሪፕቶካርዮን የሚባል ተውሳክ ነው። የዓሣውን ቆዳና ስንጥብ ይበላል፤ ሲጠግብ ይወርድና አሸዋና ድንጋይ ላይ ቅርፊት ለብሶ ይሸሸጋል፤ ከአንዱ ቅርፊት በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ወጥተው ሌላ ዓሣ ያሳድዳሉ። መዳብ ይገድለዋል። ነገር ግን መዳብ ቀንድ አውጣውን፣ ሽሪምፑንና ኮራሉንም አይምርም። ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ ቤት አይገባም፤ ሕመምተኛው ከቤት ይወጣል።

ከሕመምተኞቹ የተረፈው ቢጫ ታንግ የሚባል አንድ ዓሣ ብቻ ነው። ለይቶ ማቆያው መኝታ ቤታችን ውስጥ ሲሆን ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ያንኮራፋል። ሚስቴ ከሁለታችን ማን እንደሚያንኮራፋ መለየት ስላቃታት ሁለታችንም ላይ ትራስ ትወረውራለች። ትልቁ ገንዳ በበኩሉ ዓሣ አልባ ሆኖ ይቆያል። ተውሳኩ ያለ ዓሣ አይኖርምና በረሃብ እንዲያልቅ ነው፤ የቆየው ምክር 76 ቀን ነው። ሁዳዴ እንኳ 55 ነው። ይህን ሐሳብ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድመው የተቀበሉት አማቴ ናቸው። «ጾም የማያስለቅቀው ምን አለ!» ብለው ባዶውን ገንዳ በአክብሮት ያዩት ጀመር።

ጠቡ የተነሣው ጾሙ ሲፈታ ማን ይግባ በሚለው ላይ ነው።

የገንዳ ሕግ ገራገሩ በፊት፣ ተደባዳቢው በመጨረሻ ይግባ ይላል። ቀድሞ የገባ ዓሣ ድንጋዩን ሁሉ ርስቱ ያደርገዋል፤ ከኋላው የመጣውን የሚያየው በጭሰኛ ዓይን ነው። ታንግ ደግሞ ጅራቱ ሥር ግራና ቀኝ ስለታም እሾህ ስላለው ክርክሩን የሚያካሂደው በሽማግሌ አይደለም። ስለዚህ ቢጫው፣ የቤቱ ነባር ባለቤት፣ ሞትን ያመለጠው ጀግና፣ ከሁሉ መጨረሻ መግባት አለበት። እሱም ቢሆን ድንጋዮቹ ቦታ ከተለዋወጡ በኋላ ነው፤ የድሮ ወሰኑን እንዳያውቅ።

«የቤቱ ጌታ ከእንግዳ ኋላ ይግባ?» አለች ሚስቴ።

«ያውም ቤቱን አፍርሰህበት?» አሉ እናትየው።

ባልደረባዬ «የ1967ቱን የመሬት አዋጅ በዓሣ ላይ ልታውጅ ነው» ብሎ ሳቀ። የአባቱ መሬት በዚያ አዋጅ የተወረሰ ሰው ስለሆነ ሳቁ እስከ ጥርሱ ብቻ ነበር።

እሱ ራሱም እጩ ይዞ መጥቷል፤ ወይን ጠጅ ታንግ። ገላው ደማቅ ወይን ጠጅ፣ ጅራቱ ቢጫ፣ አገሩም ቀይ ባሕርና ዙሪያው ነው። «ቢያንስ አንድ ዜጋ ከቀይ ባሕር ይኑረን!» አለ። ስለ ቁንጅናው አልከራከርም። ችግሩ ከቢጫው ጋር የአጎት ልጆች መሆናቸው ነው። ዜብራሶማ ከሚባል አንድ ወገን የወጡ፣ አንድ ዓይነት ቅርጽ፣ አንድ ዓይነት አፍ፣ አንድ ዓይነት የአልጌ ቀለብ ያላቸው ናቸው። ወይን ጠጁ ደግሞ ከወገኑ ውስጥ በቁጣው የታወቀ ነው። አራት ጫማ ርዝመት ባላት ገንዳ ውስጥ ሁለቱን ማስገባት አንዱን ለመቅበር መዘጋጀት ነው።

«ዘመዳሞች ናቸው እያልክ?» አለ ገርሞት።

«ዘመዳሞች ባይሆኑማ ምን ያጣላቸዋል» አልኩት። ዝም አለ፤ የገዛ ዘመዶቹ ትዝ ሳይሉት አልቀሩም።

ሚስቴ መፍትሔ አገኘች። «ሌላ ቢጫ ታንግ ግዛለት፤ ሚስት ትሁነው።» ሁለት ቢጫዎችም በዚህች ስፋት አይስማሙም፤ ደግሞም ታንግ በመልኩ ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። ይህ አላሳመናትም። ከእ.ኤ.አ. 2021 ወዲህ ሐዋይ ላይ ለገንዳ የሚሆን ዓሣ ማጥመድ በመቆሙ ገበያ ላይ ያለው በብዛት ሰው ያራባው መሆኑን ነገርኳት። ይህም አላሳመናትም። ዋጋውን ስነግራት ሠርጉ ተሰረዘ።

ሙግቱን ፈር ያስያዙት አማቴ ናቸው። እሳቸው የባሕር ዳር ሰው ናቸው፤ ዓሣ በታንኳ ሲመጣ እያዩ ያደጉ። «ጣና ውስጥስ ስንቱ ዓሣ አብሮ ይኖር የለም? እንዴት አልተላለቀ?» ብለው ጠየቁኝ። ይህን ጥያቄ ከሳይንስ መምህር ብሰማው አይገርመኝም ነበር። ጣና ውስጥ ላቤዮባርበስ የሚባሉ፣ ከአንድ አያት የተወለዱ፣ አሥራ አምስት ያህል የዓሣ ዓይነቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በየትም ዓለም አይገኙም። አብረው የሰነበቱት ግን በፍቅር ብዛት አይደለም። አንዱ ከጭቃው ትል ይለቅማል፣ ሌላው ቅጠላ ቅጠል ይበላል፣ ስምንቱ ደግሞ ትንንሽ ዓሣ ያድናሉ፤ እነሱም ቢሆኑ አንዱ ዳር ዳሩን፣ አንዱ ጥልቁን ይዞ ነው። በእርግጥ ጣና ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የተጣላ የሚሸሽበት አለው።

አማቴ አዳምጠው ሲጨርሱ «እንግዲያው ዘሩን ተወውና ሥራውን ጠይቀው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጩዎቹ በአማቴ ፊት አንድ በአንድ እየቀረቡ ሥራቸውን ተጠየቁ፤ ስልኬ ላይ በፎቶ።

ሣር አጫጁ ብለኒ ድንጋይ ላይ አልጌ ሲፍቅ ይውላል። ወዲያው አለፈ፤ የውሃ ባለ ሥልጣኑ ቢያውቀው በካሬ ጫማ ይከፍለው ነበር። ጎቢው ያለፈው በትዳር አጋሩ ነው። ገንዳው ውስጥ ዓይኗ የደከመ፣ አሸዋ ስትቆፍር የምትውል ሽሪምፕ አለችኝ፤ ዓሣ አይደለችምና በጾሙ ዘመን ከቤቷ አልተፈናቀለችም። ጎቢ የጉድጓዱን በር ይጠብቃል፤ እሷ አንድ አንቴናዋን ገላው ላይ አሳርፋ ትቆፍራለች፤ አደጋ ሲያይ ጅራቱን ያራግብላትና አብረው ይገባሉ። ዘበኛዋ በበሽታው ከሞተ ወዲህ ደጅ መውጣት ፈርታለች። አማቴ «ይህችማ ትዳን!» አሉ።

የልጆቹ ድምፅ ክላውንፊሽ ላይ ወደቀ፤ ኒሞ ነዋ። ጥንድ ሆኖ መኖር የሚያምርበት ዓሣ ስለሆነ ሚስቴም ደስ አላት። ክላውንፊሽ ሲወለድ ሁሉም ወንድ ነው፤ ከጥንዱ ትልቁ ሴት ይሆናል፤ ሴቲቱ ስትሞት ባልዋ በተራው ሴት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የኒሞ ፊልም በሕጉ ቢሄድ አባትየው ልጁን ፍለጋ የሚወጣው እናት ሆኖ ነበር። ይህን ሳላስበው ጮክ ብዬ አወራሁትና አማቴ ሦስቴ አማትበው ስልኬን መለሱልኝ። እጩው የጸደቀው በልጆቹ ለቅሶ ነው።

ባንጋይ ካርዲናል በበኩሉ ክርክር አላስነሳም። የዚህ ዓሣ ወንዱ እንቁላሉን አፉ ውስጥ ይዞ፣ ሦስት ሳምንት ያህል እህል ሳይቀምስ ያሳድጋል። አማቴ ፎቶውን አይተው፣ ዓይናቸውን አንስተው እኔን አይተው፣ እንደገና ፎቶውን አዩ። «ይህን ሳትገዛ እንዳትገባ» አሉኝ።

አንበሳ ዓሣ አፉ የሚችለውን ጎረቤት ሁሉ ስለሚውጥ ከበር ተመለሰ። ለባልደረባዬ ስል ደግሞ ኦርኪድ ዶቲባክ የምትባለውን ጨመርኩ። ጣት የምታህል፣ ከራስ እስከ ጅራት ሐምራዊ፣ አገሯ ቀይ ባሕር ብቻ፣ እንደ ሌሎቹ ዶቲባኮች ያልከፋች፣ በሰው እጅ የምትራባ ናት። ፎቶዋን አይቶ «አነሰች» አለ። «የባሕር በርም ጠባብ ነው» አልኩትና ተስማማን። ሁሉም ለሳምንታት ለይቶ ማቆያ ውስጥ ከርመው፣ ከገራገሩ ጀምሮ በየተራ ሊገቡ ተወሰነ። ቢጫው መጨረሻ እንዲገባም ሚስቴ ፈቀደች፤ መኝታ ቤታችንን ቶሎ እንዲለቅ ነበር የምትፈልገው፤ ውሳኔው ግን እዚያው አስከረመው።

እሁድ ቡና ተፈልቶ ባልደረባዬ መጣ። ሐበሻ ባዶ እጁን ሰው ቤት አይሄድም፤ በአንድ እጁ ውሃ የተሞላ ላስቲክ አንጠልጥሏል። ውስጡ ሁለት ሰማያዊ ዳምዝሎች ይብለጨለጫሉ። ዳምዝል ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ያምራል፤ ገንዳ ውስጥ ከገባ ደግሞ በቁመቱ እጅግ የሚበልጠውን ያሳድዳል፤ ለማውጣት ድንጋዩን ሁሉ መናድ ያስፈልጋል። «ለገንዳው ማሟሻ ይሁን ብዬ ነው» አለ፣ ፊቱ በደግነት በርቶ።

አማቴ ላስቲኩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ መርቀው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርበው መረመሩት።

«ሥራቸው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«መደባደብ ነው፣ እማማ።»

ላስቲኩን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወደ እንግዳው ዞሩ። «ምነው ልጄ፣ ሙዝ አልነበረም?»