ስለ አሮጌው የቤተሰብ ራቭ ፎር አያያዝ የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 287,416 (ቁጥሩ የተወሰደው ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው ነው)

የቤተሰቡ ራቭ ፎር በ1994 እ.ኤ.አ. ለገበያ ከቀረበው የመጀመሪያው ትውልድ የሚመደብ፣ ሦስት ልጆችን ትምህርት ቤት አመላልሶ አንዷን ለሙሽርነት ያበቃ አንጋፋ በመሆኑ፤

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. በመከልከላቸው ምትክ የማግኘቱ ተስፋ ስለመነመነ፤

መኪናን የሚገድለው እርጅና ሳይሆን «ደመወዝ ሲወጣ» የሚባለው ቀጠሮ ሆኖ ስለተገኘ፤ የሚከተለው ታውጇል፡፡

አንቀጽ 1. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ «ድምፅ» ማለት ተሳፋሪው ሁሉ የሚሰማው፣ ሹፌሩ ብቻ የማይሰማው ነገር ነው፡፡ ሬዲዮ ከፍ ማድረግ ጥገና አይባልም፡፡

አንቀጽ 2. ስለ ዘይት

የሞተር ዘይት ከነፊልትሮው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፡፡ አጭር ጉዞ፣ አቧራና መጨናነቅ ዘይትን ቶሎ ስለሚያደክሙ «ብዙ አልተነዳም» የሚለው መከራከሪያ ውድቅ ነው፤ በሰልፍ የቆመ ሞተር ኪሎ ሜትር ባይቆጥርም እየሠራ ነው፡፡ የጎደለውን መሙላት እንደ መቀየር አይቆጠርም፡፡

አንቀጽ 3. ስለ ራዲያተርና ክዳኑ

በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፡፡ ይህን የሚያካክሰው የራዲያተሩ ክዳን ነው፡፡ ክዳኑ ግፊት አምቆ የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል፤ ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ይህን ሥልጣን በገዛ ፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል፡፡ ስለሆነም መኪናው በጋለ ቁጥር ራዲያተሩን ከመወንጀል በፊት ርካሹ ክዳን ይመረመራል፡፡

ኩላንት ከመፍላት ብቻ ሳይሆን ከዝገትም ስለሚከላከል የቧንቧ ውሃ የእሱን ወንበር አይዝም፡፡ የጋለ ሞተር ክዳን መክፈት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ክልከላው «በጨርቅ ይዤ ነው» በሚሉትም ላይ ይጸናል፡፡ የሙቀት ማስጠንቀቂያ መብራቱ እየበራ «ቤት እስክደርስ» ብሎ የነዳ ሰው ለተጣመመው ቴስታታ ብቻውን ተጠያቂ ነው፤ ሚስቱ የመሰከረችበት እንደሆነ ይግባኝ የለውም፡፡

አንቀጽ 4. ስለ ታይሚንግ ቺንጋ

ቺንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፡፡ በዚህ መኪና ላይ የተለመደው 3ኤስ-ኤፍኢ ሞተር ቺንጋው ቢበጠስም ፒስተንና ቫልቭ አያጋጭም፤ ምሕረቱ ግን ሞተሩን እንጂ ቀለበት መንገድ መሃል የቆመውን ባለቤት አይመለከትም፡፡ የቀድሞው ባለቤት ያለ ደረሰኝ «ተቀይሯል» ያለው ነገር በአፈ ታሪክነት ተመዝግቦ ቺንጋው እንደገና ይቀየራል፡፡

አንቀጽ 5. ስለ ጎማና ስለ ዘመን አቆጣጠር

በጎማው ጎን የተጻፉት አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፡፡ 2317 ማለት የ2017 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ነው፤ ይህም በሀገሩ አቆጣጠር 2009 ዓ.ም. ላይ ይውላል፡፡ ቁጥሩን በኢትዮጵያ ዘመን አንብቦ «ገና ትናንት የተሠራ ነው» ማለት ጎማን ስምንት ዓመት የማሳነስ ወንጀል ነው፡፡ ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ጎኑ ከተሰነጣጠቀ ጡረታ ይወጣል፡፡

አንቀጽ 6. ስለ ፍሬን

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፡፡ እርጥበት የገባበት ዘይት ሲግል ይፈላል፤ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይሰምጣል፡፡ ይህ ደግሞ የሚታወቀው ሰፈር ውስጥ ሳይሆን ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ በሚያዘቀዝቀው መንገድ ላይ ነው፡፡ በዚያ ቁልቁለት ማርሹ ዝቅ ይላል፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል፤ የፍሬን ሸራም ለአደጋ ጊዜ ይቆጠባል፡፡

አንቀጽ 7. የተከለከሉ ድርጊቶች

የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራትን በፕላስተር መሸፈን፣ ከወረቀት የተሠራ የአየር ፊልትሮ ማጠብ፣ ካንዴላን በብሩሽ ፈትጎ «አዲስ ሆነ» ማለት፣ እንዲሁም ቦሎ ለማደስ የእሳት ማጥፊያ ከጎረቤት ተውሶ በማግስቱ መመለስ ክልክል ነው፡፡

አንቀጽ 8. የተሻረ ልማድና አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

«እስካሁን መቼ አስቸገረኝ» የሚል ማናቸውም ልማዳዊ አሠራር ተሽሯል፡፡ ይህ አዋጅ ኮፋኖው ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል፡፡ ኮፋኖው አልከፈት ካለ በቅድሚያ ሽቦው ይጠገናል፡፡