የመሥሪያ ቤት ወሬ ወደ ታች ብቻ እንዲፈስ ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የሰማኸው ከደብዳቤ ሳይሆን ከሻይ ቤት ከሆነ ግን እንዳልሰማህ ሁን።

አዋጅ ቁጥር፦ መዝገብ ቤት ሲከፈት ይሰጣል

የአሶሳ ሠራተኞች ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠው የመዋቅር ለውጡን ከኃላፊዎቻቸው ቀድመው የሚያውቁ ሆነው በመገኘታቸው፤

ከአዲስ አበባ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በሦስት ቀን የሚደርስ ሰርኩላር፣ ከሁለተኛ ፎቅ ወደ አንደኛ ፎቅ ለመውረድ ሁለት ወር የሚፈጅበት ምክንያት በምሥጢር መጠበቅ ስላለበት፤

ነጋሪት በገበያ መሃል እየተጎሰመ አዋጅ ለሕዝብ ፊት ለፊት የሚነገርበት ዘመን አልፎ፣ ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ ነጋሪት የጋዜጣ ስም በመሆኑ፤

የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በየቢሮው የተለመደው ካይዘን፣ ቁም ነገሩ የሠራተኛን ሐሳብ መቀበል እንጂ መደርደሪያ ላይ ቁጥር መለጠፍ አይደለም የሚል አደገኛ አስተሳሰብ እየተስፋፋ በመምጣቱ፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርእስ

ይህ አዋጅ “የውረድ እንጂ አትውጣ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) “የጋራ መግባባት” ማለት አንዱ ሦስት ሰዓት ሲናገር ሌላው አበል እስኪፈርም ዝም ያለበት ሁኔታ ነው፤

ለ) “አቅጣጫ ተቀምጧል” ማለት የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ የለም ማለት ነው፤

ሐ) “ስብሰባ ላይ ናቸው” ማለት የሉም ማለት ነው፤

መ) “ተነሳሽነት የጎደለው ሠራተኛ” ማለት ከዓመታት በፊት ጥያቄ አቅርቦ እስከ ዛሬ መልስ ያላገኘ ማለት ነው።

3. ቋንቋ

አሶሳ ባለችበት ክልል የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ቋንቋዎች ይነገራሉ፤ የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው። ሆኖም አፉን የፈታበት ሰው እስካሁን ያልተገኘው የሰርኩላር ቋንቋ ከሁሉም የበላይ ይሆናል። የወረዳ ባለሙያ “ምን ለማለት ነው?” ብሎ ቢጠይቅ፣ ያው ደብዳቤ “ለአፈጻጸም” ተብሎ በድጋሚ ይላክለታል።

4. የሐሳብ መስጫ ሳጥን

ሳጥኑ ከአገሩ ሽመል ተሠርቶ በር ላይ ይሰቀላል፤ ቁልፉ በዝውውር በሄደ ሰው እጅ ይቆያል። ሕዳሴ ግድብ በመተከል ዞን ጉባ ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁን ጠቅሶ “ዓባይን የገደበ አገር ሳጥን መክፈት እንዴት ያቅተዋል?” የሚል ሠራተኛ፣ ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጎ እዚያው ሳጥን ውስጥ ይጨምራል።

5. ስለ ማንጎ ጥላ

ሀ) ማንጎው ሥር ሻይ የሚያፈሉት እናት የሕዝብ ግንኙነት ሥራን ያለ ደመወዝ ደርበው ይሠራሉ። ማን እንደተዛወረ፣ የማን መደብ እንደታጠፈ ከእርሳቸው ይጠየቃል። ወሬው ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ጥፋቱ የሻዩ ይሆናል፤ እውነቱን አፍነው የያዙት ኃላፊ አይጠየቁም።

ለ) መደቡ መታጠፉን በዚህ መንገድ የሰማ ሠራተኛ ጠዋት ፈርሞ ገብቶ፣ ማታ እስኪወጣ ወንበሩን ካሞቀ ግዴታውን እንደተወጣ ይቆጠራል። ልቡ የት እንደዋለ የሚጠይቅ ቅጽ አልተዘጋጀም።

6. ክልከላ

የበርታ ዙምባራ ነፊዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አንድ ድምፅ ይዘው፣ የጎናቸውን እያዳመጡ በየተራ ሲነፉ ዜማው ይሞላል። ይህ አሠራር ለጨዋታ ተፈቅዷል። ወደ ቢሮ ይዞት የገባ ግን በዲሲፕሊን ይጠየቃል፤ የበላይ ኃላፊው ዙምባራውን ሁሉ ብቻቸውን ይነፋሉና።

7. አዋጁ የሚፀናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ለሠራተኛው ከተነገረበት ቀን ጀምሮ የፀና ይሆናል። ለሠራተኛው እንዲነገር ግን አልታዘዘም።

ግልባጭ፦
ለሁሉም ክፍሎች (መዝገብ ቤት ይቀራል)
ለማንጎ ጥላ (ቀድሞ ስለደረሰው አይላክም)