ፎርሙላ በልደታ

ልደታ መኖር አንድ ጣጣ አለው። «የት ነህ?» ላለኝ ወዳጅ «ልደታ» ካልኩት «ምነው፣ ተከሰስክ እንዴ?» ይለኛል። ፍርድ ቤቱ የሰፈሩን ስም ጠቅልሎ ወርሶታል። እኔ ግን ልደታ የጂኦሜትሪ ሰፈር ናት ብዬ እሟገታለሁ። በስዊድን እገዛ የተቋቋመው ሕንፃ ኮሌጅ እዚሁ ነው። ውርስ ቤት ሊካፈሉ ችሎት የሚቆሙ ወንድማማቾችም ቢሆኑ የሚጣሉት በካሬ ሜትር ነው።

የጎረቤቴ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ጋሼ፣ ሚኒስትሪ ደረሰ፤ የጂኦሜትሪ ፎርሙላ ዘርዝርልኝ» ብላ መጣች። ደብተሯ በፎርሙላ ሞልቷል፤ ሁሉም ግን ፊደል ብቻ ነው። ኤች አንዱ ገጽ ላይ የጎነ ሦስት ከፍታ፣ ሌላው ላይ የሲሊንደር ቁመት ነው። ኤል እዚህ ርዝመት፣ እዚያ የኮን ሰያፍ ቁመት ይሆናል። ልደታ ችሎት ቢቀርቡ ስም በመቀያየር ይጠየቁ ነበር።

«ደንብ እናውጣ» አልኳት። ሥዕል የሌለው ፎርሙላ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። መለኪያው ያልተጻፈለትም አይገባም፤ ዙሪያ በሜትር፣ ስፋት በካሬ ሜትር፣ ይዘት በሜትር ኩብ። ቤት ውስጥ ሥራ የሌለው ደግሞ ተራውን ይጠብቅ።

በኮንዶሚኒየም ግድግዳ የማያልፍ ወሬ የለምና ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። ቀድማ የመጣችው እናቷ ናት። እንጀራ የምትሸጥልን ሴትዮ ዋጋዋን ሳትነካ ምጣዷን ከ60 ሳንቲ ሜትር ወደ 50 አውርዳለች። «ዐሥር ሳንቲ ምን አላት?» ትላለች አሉ። ልጅቷ ሬዲየሱን በራሱ፣ ከዚያ በ3.14 አባዛች። ትልቁ እንጀራ 2,826 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ ትንሹ 1,962 ተኩል ሆነ። ሲሶ ሊሞላ ትንሽ የቀረው እንጀራ ጠፍቷል! እናት ሆዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ይቺን በትልቁ ጻፊያት» አለች።

ቀጥሎ ሴራሚክ ሊያነጥፍ የመጣ ግንበኛ ተቀላቀለን። ፓይታጎራስ የሚባል ሰው አያውቅም። ስኳድራ ቢጠፋበት ግን አይጨነቅም፤ ከጥጉ ተነስቶ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ይለካል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 100 ከመጣ ጥጉ 90 ዲግሪ ነው፤ ካልመጣ ሴራሚኩ ይጣመማል። እሱም ተጻፈ፤ ከነሥዕሉ።

አንድ አባት ደግሞ ስለ ሮቷቸው ጠየቁ፤ ዲያሜትሩ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 1.3 ሜትር ነው። የወለሉ ስፋት በቁመት ሲባዛ 1,020 ሊትር ገደማ ሆነ። «ታዲያ ውኃ በመጣ ቁጥር የማይሞላው በየትኛው ፎርሙላ ነው?» አሉኝ። እሱ በጂኦሜትሪ አይፈታም።

ዝርዝሩ እያደገ ሄዶ ገጹን ሊጨርስ ሲል ማሳጠር ጀመርን። ኮን፣ ወለሉና ቁመቱ እኩል ከሆነው ሲሊንደር ሲሶውን ይይዛል። ሉል ደግሞ ልክ ከሚገጥምበት ሲሊንደር ሁለት ሦስተኛውን ይይዛል፤ አርኪሜዲስ በዚህ ግኝቱ በጣም ኮርቶ መቃብሩ ላይ እንዲቀረጽለት ጠይቋል ይባላል። ስለዚህ ሲሊንደርን የያዘ ሰው ሦስቱንም ያዘ። ትራፒዝየምም እንዲሁ ነው፤ የሁለቱን ትይዩ ጎኖች ድምር ለሁለት አካፍሎ በከፍታው ማባዛት ነው። ጎኖቹ እኩል ሲሆኑ የሬክታንግሉ ፎርሙላ ይወጣል፤ አንዱ ጎን ዜሮ ሲሆን የጎነ ሦስቱ። ከዝርዝሩ የሰረዝነው ሁሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ ተገኘ።

ወንድሟ ሥራችንን ከሩቅ ሲታዘብ ቆይቶ «ትንሽ ቢጠብብ እኮ እጅጌ ውስጥ ይገባል» አለ። ልጅቷ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። አጤሬራ የሚያስፈልገው የሌላ ሰው ዝርዝር ለገለበጠ ነው፤ ራሱ ለክቶ፣ ስሎና ሰርዞ ላዘጋጀ ሰው ወረቀቱ ከፈተናው በፊት ሥራውን ጨርሷል።

ብዙ ወላጆች ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ እንዳደርግላቸው ጠይቀውኛል። አልሰጥም። ለልጆቻችሁ እርሳስ፣ ማስመሪያና ሜትር ስጧቸው፤ ከዚያ ከምጣዱ ይጀምሩ።